ጸጥ ያለው ተራራና የሚናወጠው ቆላ

በየዳ ከፍ ያለ አገር ነው። ገብሱ ከውርጭ ጋራ እየታገለ ይበቅላል፤ ቤቱ በድንጋይና በጭቃ ይሠራል፤ ቁመቱ ከ4,500 ሜትር የሚበልጠው ራስ ደጀንም በዚሁ ምድር ቆሞ ይታያል። የአገሩ ሰው ስለ ዝናሙና ስለ ገደሉ ይጨነቃል እንጂ ምድር ከእግሬ በታች ትናወጣለች ብሎ አይጨነቅም። ባለቅኔውም ቢሆን ጽኑዕ ነገርን ሊመስል ሲሻ ተራራን ይጠራል።

በ2017 ዓ.ም. ግን ከበየዳ ቤቶች በአንዱ ጭንቀት ገባ። ባለቤቱ ቅኔ በማስተማር ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሽማግሌ መምህር ናቸው፤ ልጃቸው ለሥራ ወርዶ በመተሐራ ይኖራል። ከመስከረም ጀምሮ በፈንታሌ ተራራ አካባቢ ምድር መናወጥ ጀመረች፤ በታኅሣሥም በረታች። ታኅሣሥ 26 ቀን ሌሊት የሆነው መናወጥ እስከ አዲስ አበባ ተሰማ። መሬት ተሰነጠቀ፤ በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ በአሥር ሺሕ የሚቈጠር ሰው ቀዬውን ለቀቀ።

መምህሩ በስልክ፤ «ልጄ፤ ወደ አገርህ ውጣ፤ የእኛ ተራራ አይናወጥም» አሉት። ልጁም፤ «አባቴ ሆይ፤ ሥራዬን ትቼ ብመጣ ልጆቼ ምን ይበላሉ? እኛ እንደሆነ ከደጅ ማደር ጀምረናል» ብሎ መለሰ።

የመምህሩ ቃል እኩሌታው እውነት ነው። የስሜን ዐለት ራሱ የእሳት ልጅ ነው፤ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ቅልጥ ዐለት ከምድር ውስጥ እየወጣ፣ አንዱ ባንዱ ላይ እየተነጠፈ የሠራው ነው። ዛሬ በገደሉ ፊት እንደ ደረጃ የሚታየው ያ ንጣፍ ነው። እሳቱ ከዚያ ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ዛሬ ምድር የምትለያየው በምሥራቅና በደቡብ በስምጥ ሸለቆ ነው። በአፋር ሦስት የምድር ቅርፊት ክፍሎች፣ ይኸውም የአፍሪካ፣ የሶማሊያና የዐረብ፣ ይገናኛሉ። የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ በዓመት 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ ይህም ከጣት ጥፍር ዕድገት እጅግ ያነሰ ነው። ነገር ግን ዐለት እየተሳበ ታግሦ ታግሦ ባንድ ቀን ይሰበራል፤ ቅልጥ ዐለትም በስንጥቁ ይገባል። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር በዳባሁ አጠገብ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ምድር በጥቂት ሳምንት ተከፈለ፤ ስፋቱም በአንዳንድ ስፍራ 8 ሜትር ደረሰ። መስከረም 16 ቀን፣ ሕዝቡ ደመራ በሚደምርበት ዕለት፣ ከዚያ ምድር አመድና ጢስ ወጣ። በፈንታሌ የሆነውም መናወጥ ከምድር በታች ከሚሄድ ቅልጥ ዐለት ጋራ የተያያዘ ሆኖ ተገኝቷል።

እኩሌታው ግን ያሳስታል። ከስንጥቁ መራቅ አደጋውን ያሳንሳል እንጂ አያጠፋውም፤ ሰውንም አብዝቶ የሚገድለው የምድር መናወጥ ሳይሆን የገዛ ቤቱ ነው። በ1953 ዓ.ም. በግንቦት ወር በካራቆሬ አካባቢ ምድር በተናወጠች ጊዜ ማጀቴ ፈረሰች። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. ደግሞ በአፋር የሰርዶ መንደር ወደቀች፤ ሰውም አለቀ። በጭቃ ብቻ የተያያዘ የድንጋይ ግድግዳ ክብደት አለው እንጂ ማሰሪያ የለውም፤ ሲናወጥ ወደ ጎን ይከፈታል። የቀደሙ አባቶች በደብረ ዳሞና በይምርሐነ ክርስቶስ በድንጋዩ ረድፍ መካከል እንጨት እያጋደሙ፣ ማዕዘኑንም እያቈላለፉ አንጸዋል። ስለ ምድር መናወጥ አስበው አደረጉት ለማለት ባይቻልም፣ እንጨቱ ግድግዳውን እንደ መቀነት ማሰሩ ግን የታወቀ ነው።

መምህሩ ይህን ነገር ካስተዋሉ በኋላ ልጃቸውን «ውጣ» ማለቱን ተዉ። «ጠንክሮ እስኪያልፍ ከደጅ እደር፤ ከግንብ ሥር ግን አትተኛ» ብለው ላኩበት። በበየዳ ለሚያሠሩት ቤትም አናጢ ጠርተው፣ በግድግዳው መካከል ዙሪያውን እንጨት እንዲያጋድም አዘዙት። ጎረቤቶቹ ስለ እንጨቱ ውድነት አጕረመረሙ፤ እሳቸውም፤ «ተራራውን ባምነው እንኳ ግድግዳዬን አላምነውም» አሏቸው።

ለካህናት የተረፈ ሌላ ሥራም አለ። ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ፒየር ጉዊን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የምድርን ጠባይ የሚመረምረውን ጣቢያ በ1950 ዓ.ም. ገደማ አቋቋሙ፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1979 የኢትዮጵያንና የአፍሪካን ቀንድ የምድር መናወጥ ታሪክ በመጽሐፍ አወጡ። መሣሪያ ያልነበረበትን ዘመን ያወቁት ከነገሥታት ዜና መዋዕልና ከተጓዦች ጽሑፍ ቃርመው ነው። ያ ጸሐፊ ቀኑን ባይጽፍ ኖሮ ዕውቀቱ ከእርሱ ጋራ በተቀበረ ነበር። እንግዲህ በየደብሩ ያለ ጸሐፊ ምድር የተናወጠችበትን ቀንና ሰዓት፣ የወደቀውን ግድግዳና የቆመውን ግድግዳ በመዝገብ ቢያኖር፣ ከእርሱ በኋላ ቤት ለሚሠራው ትውልድ ታላቅ ርዳታ ይሆናል።