የዓሣ እርሾ

አቦሉን ጠጣን፤ ቶናው ደግሞ እስኪወጣ ትንሽ እንጫወት። ወዳጄ፣ ይህቺ ጀበና የምትፈላው በስንት ዲግሪ ይመስልሃል? ትምህርት ቤት 100 ብለውን ነበር፤ እሱ ግን ባሕር ዳርቻ ላለ ሰው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,350 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለተቀመጠች አየሩ ሳሳ ይላል፤ ውሃችንም ገና 92 አካባቢ ሲደርስ ይንፈቀፈቃል። ምን አመጣው እንዳትለኝ። ዛሬ ላጫውትህ ያሰብኩት ስለ አኳሪየም ዓሦች ሕመም ነው፤ የሳሳው አየር በኋላ ይመጣል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄድ የለ!

ካዛንቺስን ታውቃታለህ። ስሟ ራሱ ቤት ነው። ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ መኖሪያ የሚሠራለት ተቋም ስም ሲያጥር «ኢንቺስ» ይባል ነበር፤ «ካዛ» ደግሞ ቤት ነው፤ ሁለቱ ተያይዘው በሰፈሩ ሰው አፍ ካዛንቺስ ሆኑ። እዚያ እንደ እኅቴ የማያት ወዳጅ ነበረችኝ። ሳሎኗ ውስጥ 60 ሊትር የሚይዝ አኳሪየም አለ፤ ጉፒ የሚባሉት ዓሦቿ ሲራቡ መስተዋቱ ጋ ተሰልፈው ይጠብቋታል። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲነሣ እሷም ዕቃዋን ጭና ገላን ጉራ ገባች። ዓሦቹን በባልዲ፣ ባልዲውን ጭኗ ላይ አድርጋ።

አዲሱ ቤት ሁሉም ነገር ንጹሕ እንዲሆን ፈለገች። መስተዋቱን ፈተገች፤ ጠጠሩን በቧንቧ ውሃ አለቀለቀች፤ የፊልተሩን ስፖንጅ ጠቁሯል ብላ ጣለችና አዲስ ገዛች። በሳምንቱ ደወለችልኝ። «ዓሦቼ ላይ ላዩን ሆነው አፋቸውን ይከፍታሉ፤ ምን መድኃኒት ልግዛላቸው?»

ምን ብዬ መለስኩላት? «መድኃኒቱ ይቆይ፤ የታመመው ውሃው ነው» አልኳት።

እንዴት መሰለህ? ዓሣ የሚበላውም፣ የሚተነፍሰውም፣ የሚጸዳዳውም እዚያው አንድ ውሃ ውስጥ ነው። ከሚያስወጣው ነገርና ከተረፈው ምግብ አሞኒያ ይወጣል፤ አሞኒያ ደግሞ የሚተነፍስበትን ስንጥብ ያቃጥላል። ታዲያ ሌላ ጊዜ ዓሦቹ እንዴት ይኖራሉ? በዚያ በጠቆረው ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ ዓይን የማያያቸው ባክቴሪያዎች ሰፍረዋል። አንዱ ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፤ እሱም ገና መርዝ ነው። ሌላው ወገን ተቀብሎ ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል፤ ይህኛው ብዙም አይጎዳም። እኅቴ ዓሦቹን ይዛ ስትሄድ ጎረቤቶቻቸውን ጥላ ሄደች ማለት ነው። ከሰፈሩ ተነሥቶ ዕድሩንና የቡና ማኅበርተኛውን ያጣ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም።

እነዚያ ጎረቤቶች እንደገና እስኪሰፍሩ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። እስከዚያው ምን ይደረግ? በየቀኑ ከውሃው ሲሶውን መቀየር፤ ለሁለት ሦስት ቀን ምግብ መከልከል። ዓሣ ጾም ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ የሚገድለው ጥጋቡ ነው። የሚጨመረውም ውሃ በዲግሪ የቀድሞውን የሚመስል፣ ክዳን በሌለው ባልዲ አንድ ቀን ያደረ ይሁን፤ የቧንቧ ውሃው ክሎሪን የሚወጣው እንደዚያ ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሁላችንም ጀሪካን እንሞላለን፤ ነገር ግን ክዳኑ የተጠረቀመ ጀሪካን ክሎሪኑን ይዞ እንደሚቆይ አትርሳ።

እስኪ ቶናው ወጥቷል፣ ያዝ።

ሌላው ችግር ደግሞ የብርድ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት መብራት ሲጠፋ ሂተሩ ይቆማል፤ ውሃው ይቀዘቅዛል፤ ዓሣው ይደክማል። በቀናት ውስጥ ሰውነቱ ላይ ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል። ይህ ነጭ ነጠብጣብ «ኢክ» የሚሉት ጥገኛ ተባይ ነው። ዓሣ አይናገርም እንጂ አይደብቅም፤ ክንፉን አጣብቆ ጥግ ይይዛል፣ ጎኑን በጠጠሩ ያካል። ጥጥ የመሰለ ነገር ካበቀለ አብዛኛውን ጊዜ ሻጋታ ነው። ቅርፊቱ ቆሞ ሆዱ ከተነፋ ግን ሕመሙ ውስጥ ገብቷልና ለይቶ ማስቀመጥ ይሻላል።

ኢክን ተንኮለኛ የሚያደርገው ምንድን ነው? ዓሣው ቆዳ ሥር ተሸሽጎ ሳለ መድኃኒት አያገኘውም። ጠግቦ ሲወድቅ አኳሪየሙ ወለል ላይ በመቶዎች ይባዛል፤ መድኃኒቱ የሚገድላቸው ልጆቹ ዓሣ ፍለጋ ሲዋኙ ብቻ ነው። ስለዚህ ነጠብጣቡ ጠፋ ብለህ ሕክምናውን አታቋርጥ፤ የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ። በ26 ዲግሪ ዙሩን ለመጨረስ ሳምንት ገደማ ይበቃዋል፤ በብርድ ግን ሳምንታት ይቆያል። ለዚህ ነው ሙቀቱን በቀን አንድ ሁለት ዲግሪ እየጨመሩ እስከ 29 የሚያደርሱት። ጉፒ ጨው ስለሚችል በሊትር አንድ ሁለት ግራም፣ አስቀድሞ አሟሙቶ፣ በሁለት ቀን ከፋፍሎ መስጠት ይረዳል።

አሁን የጀበናዋ ነገር መጣ። ውሃ ሲሞቅ ኦክስጅን ይቀንሳል። የእኛ ውሃ ደግሞ ከፍታው ላይ ስላለን ቀድሞውኑ ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ ያነሰ ነው የሚይዘው። ባሕር ዳርቻ ላለ ሰው የተጻፈ ማዘዣ እዚህ እንዳለ ቢሠራበት የተረፈውን ዓሣ ያፍናል። ሙቀት ስትጨምር የአየር ፓምፑንም ጨምርበት፤ ውሃው ላይ ላዩን ይንቦጫረቅ።

እኅቴስ? ቂርቆስ ካለው ቤቴ፣ ሕመም ከማያውቀው አኳሪየሜ ስፖንጅ ግማሹን ቆረጥኩ፤ ከራሱ ውሃ ጋር ፌስታል ውስጥ ቋጥሬ ይዤላት ሄድኩ። በር ላይ ተቀበለችኝና ከፍታ አየችው። «ይሄ ጥቁር ነገር ምንድን ነው?» አለችኝ።

«እርሾ ነው» አልኳት። ወዲያው ገባት። ካዛንቺስ ሳለች ሊጥ ልታቦካ ስትል እርሾ ያለቀባት ቀን ሳህን ይዛ የማንን በር ታንኳኳ እንደነበር አስታወሰች። ሁለት ዓሦች ሞተውባታል፤ የቀሩት ግን ዛሬም መስተዋቱ ጋ ተሰልፈው ይጠብቋታል። ባለፈው ስሄድ የአዲሱ ሰፈር ጎረቤቷ ልጅ አኳሪየም ሊጀምር ነው ብላ ከስፖንጁ ስትቆርጥለት አገኘኋት።

በረካው ደርሷል፤ ስኒህን አቀብለኝ።