ስሙን አይቼ የገዛሁት ጥይት ጉድ ሠራኝ!

ዛሬ ስለ ፍቅር አልጽፍም፤ ስለ ጥይት ነው የማጫውታችሁ። «ደግሞ አንተን ማን አዳኝ አደረገህ?» እንዳትሉኝ፤ አሜሪካ ያደርጋል። 12ኛን ጨርሼ በዲቪ የመጣሁባት ኦሃዮ ውስጥ፣ ከኮሎምበስ ትንሽ ወጣ ሲባል፣ «ዲር» የሚሏት እንስሳ እንደ ፍየል መንገድ ታቋርጣለች። ከአገራችን አጋዘን ትለያለች፤ እኛ ሐበሾቹ ግን አጋዘን ነው የምንላት። ኅዳር ሲገባ የሥራ ቦታ ልጆች ወሬያቸው አደን ብቻ ነው። እኔም ቀናሁና ኮርሱን ወስጄ፣ ፈቃድ አውጥቼ፣ ያገለገለ ሾት ገን ገዛሁ።

እዚያ ብዙ ሰው አጋዘን የሚያድነው በሾት ገን ነው። የሚጎርሰው ግን እንደ ወፍ ማደኛው ፍንጥርጣሪ ሳይሆን አንድ ወፍራም አረር ነው፤ «ስለግ» ይሉታል። የእኔው መሣሪያ አፈሙዙ ውስጡ ልሙጥ አይደለም። እንደ ብሎን ጥርስ የሚዞር ቦይ አለው፤ ይህን «ሪፍልድ» ይሉታል። እናላችሁ ሱቅ ስገባ «ሪፍልድ ስለግ» የሚል ካርቶን አየሁ። ሪፍልድ ለሪፍልድ! አምስቱ ጥይት 6 ዶላር። አጠገቡ «ሴቦ» የሚባል አለ፤ አምስቱ 18 ዶላር። እናንተ ብትሆኑ የቱን ትገዙ ነበር?

ለልምምድ ሃያ ያህል ተኮስኩ። መጀመሪያ ጥሩ ነበር፤ በኋላ ይበታተንብኝ ጀመር። በትከሻዬ አሳበብኩ፤ ሲመታ ደግሞ በቅሎ ነው የሚመስለው።

በ2023 እ.ኤ.አ. የአደኑ ሳምንት ገባ። ሰባ እርምጃ ላይ አንዷ ጎኗን ሰጥታኝ ቆመች። ቃታውን ሳብኩ። ዘለለች፣ ከኋላ ተንገዳገደች፣ ጫካው ውስጥ ገባች። ደሟን ተከትለን ወረድን፤ ቅጠል ላይ ጠብታ፣ ትንሽ ራቅ ብሎ ሌላ ጠብታ። ወንዙ ዳር ስንደርስ ጠፋ። እስኪመሽ ፈለግን፣ በማግስቱም ተመለስን። የለችም። የገደልኩትን እንስሳ ባገኝ ይሄን ያህል አይከብደኝም ነበር። የትም ወድቃ፣ ምናልባት ሌሊቱን ሙሉ በሕይወት ሆና... ያን ሳምንት እንቅልፍ አልነበረኝም።

አብረውኝ የነበሩ አንድ ትልቅ ሰው አሉ፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ጠመንጃውን ባዶ አድርገው በባትሪ አፈሙዙ ውስጥ አዩና «አንተ ልጅ፣ በእርሳስ ለስነኸዋል እኮ! የምን ጥይት ነው የከተትክበት?» አሉኝ። «ሪፍልድ ነዋ ጋሼ፣ ጽሑፉን ይዩት» አልኳቸው። የሚስቁብኝ መስሎኝ ነበር፤ አልሳቁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። «ሪፍልድ» የተባለው ጥይት የተሠራው ለልሙጥ አፈሙዝ ነው! ጎኑ ላይ ያሉት ሸንተረሮች አረሩ በጠባቡ አፍ ሲያልፍ እንዲጨመቅ ነው የሚረዱት። ቀጥ ብሎ የሚሄደው ፊቱ ከባድ፣ ኋላው ክፍት ስለሆነ ነው። ካልሲ ውስጥ ድንጋይ ከታችሁ ወርውሩ፤ ድንጋዩ ይቀድማል፣ ካልሲው ይከተላል። ቦይ ባለው አፈሙዝ ሲተኮስ አይፈነዳባችሁም፤ ግን ለስላሳው እርሳስ ቦዩ ላይ ይቀራል፣ ሲጠራቀም ዒላማ ያስታል። ሴቦው ደግሞ አረሩ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ነው። ፕላስቲኩ ቦዩን ይይዝና አረሩን እንደ እንዝርት ያሾረዋል፤ ከወጣ በኋላ እሱ ይወድቃል፣ አረሩ ይቀጥላል። ያንኑ ሴቦ በልሙጥ አፈሙዝ ብትተኩሱት ግን አይሾርም፤ ገንዘባችሁን ነው የበተናችሁት።

በሚቀጥለው ዓመት አፈሙዙን እስኪያበራ ጠርጌ ሦስት ዓይነት ሴቦ ገዛሁ። የሁለት ቀን ደሞዝ አቃጠለ፤ ምን ይደረግ። ጋሼ እንዳሉት አፈሙዝ እንደ ሰው ምርጫ አለው፤ ሳይሞከር አይታወቅም። መጀመሪያ አፈሙዙ ላይ የተጻፈውን ልኬት አነበብኩ፤ ለ2.75 ኢንች በተሠራ መሣሪያ የ3 ኢንች ጥይት አይተኮስም፣ አደጋ ነው። የእኔ 3 ኢንችም ይቀበላል። ሆኖም ያ ትልቁ ሲመታኝ ገና ሳልተኩስ ዓይኔን መጨፈን ጀመርኩ። ንጹሕ መዳቡ ሸጋ ነበር፣ ዋጋው ግን አይቀመስም። 90 ሜትር ላይ ሦስቱን ጥይት የስኒ ማስቀመጫ በምታህል ቦታ የሰበሰበልኝ የ2.75 ኢንቹ፣ መካከለኛ ዋጋ ያለው ነው። የአጋዘን ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ ከመመገቢያ ሳህን ብዙም አይሰፋም፤ ስለዚህ በቃኝ አልኩ።

በ2024 እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ መባቻ በፈረንጆቹ፣ ስልሳ ሜትር ላይ፣ አንድ ጥይት። ሃያ እርምጃ ሮጣ ወደቀች። ሄጄ እስክነካት ድረስ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

የአደኑ ሳምንት የሚከፈተው ታንክስጊቪንግ ከሚሉት በዓል ቀጥሎ ባለው ሰኞ ነው፤ ሁልጊዜ የገና ጾም ላይ ይወድቃል ማለት ነው። ስጋው ፍሪዘር ውስጥ ሆኖ በየቀኑ እያየሁት ሽሮ በላሁ። ለገና ጋሼን ጠርቼ ጠበስነው። ስብ ስለሌለው ቶሎ ይደርቃል፤ ቅቤ አትሰስቱለት።