ሃርድቶፑ ሲጮህ ካምቢዮውን ከማውረዳችሁ በፊት

ክረምቱ ሲወጣ ከአምቦ እስከ ጊንጪና ጌዶ ጋራዥ የሚገቡት ሃርድቶፕ ላንድክሩዘሮችና ደብል ጋቢናዎች ሕመማቸው ይመሳሰላል። ሾፌሩ «ከሥር ይጮሃል፣ ዳገት ላይ አይስብም» ይላል። ቃሉን ሳይጨርስ ክሪክ ይገባል፣ ካምቢዮ ይወርዳል፣ ፍሪሲዮን ይገዛል። ከዚያ ድምፁ ከነበረበት ሳይነቃነቅ መኪናው ይወጣል። ይህ ልማድ ያንገበግበኛል፤ የሚባክነው ሰው ለፍቶ ያገኘው ገንዘብ ነውና።

መካኒኩ መፍቻ ከማንሳቱ በፊት ጋቢና ገብቶ ይቀመጥ። መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ዜሮ ማርሽ ላይ ፍሪሲዮን ይረገጥ። ሲረገጥ የሚጠፋ ጩኸት ብዙ ጊዜ ከካምቢዮው የመግቢያ ኩሽኔታ ነው። ሲረገጥ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ አልቋል። ሁለቱንም ካላደረገ መንገድ ይውጡ። ነዳጅ ሲሰጠው የሚያፏጭና እግር ሲነሳ ድምፁን የሚለውጥ ከሆነ ዲፈረንሻሉን ጠርጥሩ። መኪናው ሲነሳ አንዴ «ቋ» ካለ ክሮቼራው ላልቷል። መሪ ሲጠመዘዝና ክብደቱ ወደ አንድ ጎን ሲያጋድል የሚበረታ ጉርምርምታ የጎማ ኩሽኔታ ነው። ለእነዚህ ለመጨረሻዎቹ ሦስቱ ካምቢዮ አይወርድም።

«አይስብም» የሚለው ቃል ደግሞ ከሁሉ በላይ ያሳስታል። አምቦ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ወደ ወንጪ ሲወጣ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ቱርቦ የሌለው ባለ 4.2 ሊትሩ የናፍጣ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። ስለዚህ እዚያ ዳገት ላይ መድከሙ ሕመም ላይሆን ይችላል። ፍሪሲዮን ሲንሸራተት ሞተሩ ይጮሃል፣ ዙሩ ይወጣል፣ መኪናው ግን አይፈጥንም፤ የተቃጠለ ሸራ ሽታም ጋቢና ይገባል። አየር ያጠረው ሞተር ግን ዙሩም አብሮ ይወድቃል፣ ጥቁር ጭስም ይተፋል። ይህን ሳይለዩ ሸራ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው። ሸራው በእርግጥ ተንሸራቶ ከሆነም ዘይት ነክቶት እንደሆነ ይታይ፤ ዘይቱን የሚያግደው ጎሚኒ ሳይቀየር አዲስ ሸራ ቢገባ ብዙ አይቆይም።

የጊንጪ ጥቁር አፈር ደግሞ ሌላ ነገር አለው። ማርሹን ፎር ዊል አስገብተው የፊት ጎማዎቹን ሎክ ሳያደርጉ ጭቃ የሚገቡ አሉ። የኋላው ብቻ ሲሽከረከር «ፎር ዊሉ ተበላሸ» ይባላል። አንድ ሰው ውጭ ቆሞ የፊት ጎማዎቹን ቢያይ ነገሩ ወዲያው ይለያል።

እኔን ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን ውኃ ነው። ብዙ ሄዶ የጋለ ዲፈረንሻል ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ሲገባ የውስጡ አየር ይኮማተርና ውኃውን ይስባል፣ በተለይ መተንፈሻዋ ትንሽ ቱቦ በጭቃ ከተደፈነች ወይም ከተቀደደች። ከረጅም መንገድ ደርሶ መኪናውን እዚያው ወንዝ ውስጥ ማጠብም ያው ነው። ዘይቱን በተቆረጠ ጀሪካን ስትቀዱት ማኪያቶ መስሎ ከወጣ ውኃ ገብቷል። ጥቂቱን በሁለት ጣት አሹት፤ የሚያብለጨልጭ ብናኝ ከያዘ ማርሾቹ መበላት ጀምረዋል። ብናኝ ከሌለ ግን ገና ጊዜ አላችሁ፦ ዘይቱን ለውጡ፣ ቱቦዋን አጽዱ፣ ከተቻለም አስረዝማችሁ ወደ ሞተሩ ክፍል ከፍ አድርጋችሁ እሰሯት። መስከረም ሳይጠባ ያላሳያችሁ በዚህ ሳምንት አሳዩ፤ የፊቱንም ዲፈረንሻል አትርሱ።