ፔስ የት ሄደ? ከኳስ ወደ ዕጣ ስለዞረው ጌም



የዛሬው ርዕሳችን አንዳንዶቻችሁን ፈገግ ሊያሰኝ ይችላል። የምንጽፈው ስለ ጌም ነው። "የመስጂድ ሰው ስለ ጌም ምን አገባው?" የሚል ካለ፣ በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪ ከዐስር በኋላ ወጣቱ የት እንደሚቀመጥ ዞር ብሎ ይመልከት። "ጌም ሐራም ነው፣ ሐላል ነው" ብለን ለመፍረድ አልተነሳንም፤ ፈትዋ የዑለሞች ነው። እኛ የምናነሳው አንድ ጉዳይ ብቻ ነው። ብዙዎቻችን አብረነው ያደግነው አንድ ጌም ነበር። ያመረተው ድርጅት ግን መንገዱን ቀየረ፤ የሄደበት መንገድ ደግሞ ዲናችንንም ኪሳችንንም ይመለከታል።

ጌሙ ፔስ ነው። ጃፓኖች "ዊኒንግ ኢለቨን" ሲሉት፣ በአውሮፓ "ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር" ተባለ። ባለቤቱ ኮናሚ እ.ኤ.አ. በ1969 በጃፓን ኦሳካ የሙዚቃ ማጫወቻ ማሽን በማከራየትና በመጠገን የተጀመረ ድርጅት ነው። የዊኒንግ ኢለቨን የመጀመሪያው እትም በ1995 ወጣ። ወደ እኛ ከተሞች በስፋት የገባው በፕሌይስቴሽን 2 ዘመን ነው።

ያኔ ያደገ ሰው የፕሌይስቴሽን ቤቱን አግዳሚ ወንበር አይረሳውም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ የሀብታም ልጅም የደሃ ልጅም፣ አንዱ በኦሮምኛ ሌላው በአማርኛ እየጮኸ ተጣበን እንቀመጥ ነበር። ኮናሚ የብዙ ክለቦችን ስም የመጠቀም ፈቃድ ስላልነበረው ሊቨርፑል "መርሲሳይድ ሬድ"፣ ቼልሲ "ለንደን ኤፍሲ" ይባሉ ነበር። በድሮዎቹ እትሞች ሮቤርቶ ካርሎስ እንኳን "ሮቤርቶ ላርኮስ" ነበር። ማንም ግን ቅር አላለውም። ስሙ የውሸት ቢሆንም ኳሱ የእውነት ነበርና። የጫማ መግዣ የሌለው ልጅ ጣቱ ከሰለጠነ የነጋዴውን ልጅ አምስት ለዜሮ ይሸኘው ነበር። ጆይስቲኩን የያዙት ሁለቱም እኩል ነበሩ።

"ማስተር ሊግ" የሚባለውን ክፍልም ታስታውሳላችሁ። ካስቶሎ፣ ሚናንዳ፣ ኢቫሮቭ የሚባሉ በዓለም ላይ የሌሉ፣ ደካማ ተጫዋቾች ይሰጡሃል። በነሱ እየተሸነፍክ፣ ነጥብ እያጠራቀምክ፣ አንድ አንድ ተጫዋች እየገዛህ ቡድንህን ታሳድጋለህ። የምትገዛውን ተጫዋች ታውቀዋለህ፤ ዋጋውንም ታውቀዋለህ። ሶብር ያደረገ ያገኛል፤ የቸኮለ ይወርዳል።

በዚያ ዘመን "ተሸናፊ ይከፍላል" የሚል ልማድ ነበር፤ ዛሬም አለ። አንድ ኡስታዛችን ይህን ሰምተው አልጮኹብንም፤ ጌም ቤቱንም አላወገዙም። "ያሸነፈ በነጻ፣ የተሸነፈ በእጥፍ ከሆነ የቁማር ሽታ አለው። ሁለታችሁም እኩል ክፈሉ፣ ከዚያ ተጫወቱ" አሉን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግማሽ ግማሽ እየከፈልን ተጫወትን። ጨዋታው አልቀነሰም፤ ጠቡ ግን ቀነሰ። ይህቺን ምክር ያዙልን፤ ወደ ኋላ እንፈልጋታለን።

ወደ ኮናሚ እንመለስ። ለውጡ በአንድ ቀን አልመጣም። በ2015ቱ እትም "ማይክለብ" የሚባል ክፍል ተጨመረ፤ እዚያ ተጫዋች የሚገኘው በዕጣ ነው። በ2018 ኮናሚ የቻምፒዮንስ ሊግን ፈቃድ አጣ፤ ተፎካካሪው ፊፋ ወሰደው። የ2020ው እትም "ኢፉትቦል" የሚል ስም ከፊቱ ተለጠፈበት። የ2021ዱ ደግሞ አዲስ ጌም ሳይሆን የነበረው ላይ የተደረገ እድሳት ነበር። በመጨረሻም መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ፔስ የሚለው ስም ጭራሽ ቀርቶ "ኢፉትቦል 2022" በነጻ ተለቀቀ።

ዓለም ላይ የነበረው አቀባበል የሚታወቅ ነው። ሲጀመር መጫወት የሚቻለው በዘጠኝ ክለቦች ብቻ ነበር። ማስተር ሊግ አልነበረም። የተጫዋቾቹ ፊት ተበላሽቶ የሚያሳዩ ፎቶዎች መሳቂያ ሆኑ። በኮምፒውተር ጌም መሸጫው በስቲም ላይ እጅግ መጥፎ ግምገማ ከተሰጣቸው ጌሞች ተርታ ገባ። ኮናሚ በቀናት ውስጥ ይቅርታ ጠየቀ፤ በቀጣዩ ዓመትም አሻሽሎ አወጣው።

ፊቱስ ይስተካከላል፤ ተስተካከለም። እኛን ያሳዘነን ሁለት ሌላ ነገር ነው።

አንደኛው፣ ጌሙ በኢንተርኔት ላይ የሚኖር መሆኑ ነው። ዲስክ አንዴ ከተገዛ የመብራት ጉዳይ ብቻ ነበር የሚያሳስበን። በ2012 ዓ.ም. ክረምት በመላ ሀገሪቱ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲቋረጥ ዲስክ ያለው ጌም ቤት ሥራውን መቀጠል ይችል ነበር። ዛሬ ግን ኔትወርክ የሌለበት ከተማ ልጅ ከደጅ የቀረ እንግዳ ነው።

ሁለተኛው ይበልጣል፦ ዕጣው። ጌሙ ነጻ ነው፤ ገቢው የሚመጣው ግን በእውነተኛ ገንዘብ ከሚሸጠው ሳንቲም ነው። በሳንቲሙ ዕጣ ታወጣለህ፤ ትልቅ ኮከብ ይድረስህ ወይም የማትፈልገው ተጫዋች ይድረስህ፣ ከመክፈልህ በፊት አታውቅም። ካልደረሰህ እንደገና ትከፍላለህ።

በመድረሳ የግብይትን ምዕራፍ የቀራ ደረሳ ይህን ሲሰማ አንድ ነገር ትዝ ይለዋል። በጃሂሊያ ዘመን "የጠጠር ሽያጭ" የሚባል ነበር። ዑለሞች ካብራሩት አንዱ እንዲህ ነው፦ ሻጩ ጨርቆቹን ይዘረጋል፤ ጠጠር ይወረወራል፤ ጠጠሩ ያረፈበት ጨርቅ፣ ውድም ይሁን ርካሽ፣ በተባለው ዋጋ የገዢው ይሆናል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህንን ሽያጭና ገረር ያለበትን፣ ማለትም ምንነቱ ያልታወቀን ነገር መሸጥ መከልከላቸውን አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) አስተላልፈዋል፤ ሐዲሡ በሶሒሕ ሙስሊም ይገኛል። ጨርቁ ተጫዋች ሆነ፣ ጠጠሩም በስልክ መስታወት ላይ የሚሽከረከር ኳስ ሆነ እንጂ፣ ነገሩ ምን ያህል ይመሳሰላል? ሱብሐነሏህ!

ይህ የሙስሊሞች ስጋት ብቻም አይደለም። የቤልጂየም የቁማር ተቆጣጣሪ በ2018 በአንዳንድ ታዋቂ ጌሞች ውስጥ በገንዘብ የሚገዙ የዕጣ ሳጥኖችን ቁማር ብሎ ፈርጇል፤ ከመረመራቸው መካከል ፊፋ 18 አንዱ ነው። ስለዚህ "ኮናሚን ትተን ወደዚያኛው እንሂድ" ማለት መፍትሔ አይሆንም። ኮናሚ በበኩሉ ከጌም ሌላ ለካዚኖዎች የቁማር ማሽን የሚያመርት ክፍል በአሜሪካ ላስ ቬጋስ አለው። የዕጣን ነገር ጠንቅቆ የሚያውቅ ድርጅት ነው።

ፍትሐዊ እንሁን፤ ዲናችን ለምንጠላውም ቢሆን ፍትሕን ያዘናል። ኢፉትቦልን አንድ ሳንቲም ሳይከፍል የሚጫወት ብዙ ወጣት አለ። ጌሙ ለማንም በነጻ መድረሱም ጥሩ ጎን ነው። ችግሩ፣ የከፈለውና ያልከፈለው በአንድ ሜዳ ሲገናኙ የድሮው እኩልነት የለም። የሰለጠነው ጣት በከፈለው ኪስ ፊት ይቸገራል። የተሸነፈውም ልጅ "ልለማመድ" ማለቱን ትቶ "አንዴ ዕጣ ላውጣ" ይላል። ይቺን "አንዴ" የለመደ እጅ ደግሞ በየከተማችን ጥግ ከተከፈተው የውርርድ ቤት ብዙም አይርቅም። እኛን የሚያስፈራን ይህ ነው። አላህ ቁማርን ከአስካሪ መጠጥ ጋር አንድ ላይ ያነሳበትን የሱረቱል ማኢዳህን 90ኛ አንቀጽ ሁላችንም ቀርተነዋል።

ታዲያ ምን እናድርግ? የኡስታዛችንን ምክር እናስታውስ። ጨዋታውን አላቋረጡም፤ ሒሳቡን ነው ያስተካከሉት። እኛም እንዲሁ እንላለን፦
• የምትከፍሉበትን ነገር ምንነቱንና ዋጋውን እወቁ። ለአንድ ጌም ወይም ለአንድ ሰዓት መክፈል የታወቀ ነው፤ ዕጣ ግን ያልታወቀ ነው።
• በጌም ውስጥ ለሚወጣ ዕጣ ገንዘብ አታውጡ፤ ያለ እሱም መጫወት ይቻላል።
• ታናናሾቻችሁ በእናት በአባት ስልክ ሲጫወቱ የክፍያ ሚስጥር ቁጥሩን አትስጧቸው።
• ጌም ቤት ያላችሁ ወንድሞች፣ የድሮው ዲስክ ካላችሁ አትጣሉት። "ሁለቱም እኩል ይከፍላሉ" የሚል ወረቀትም ግድግዳው ላይ ለጥፉ።

ኮናሚ የድሮውን ፔስ ይመልስልን አይመልስልን በእጃችን አይደለም። ከወንድሞቻችን ጋር እኩል ከፍለን፣ እኩል ተቀምጠን መጫወት ግን ዛሬም በእጃችን ነው። የመግሪብ አዛን ሲሰማም ጆይስቲኩን አስቀምጠን እንነሳ።

አላህ ጊዜያችንንም ገንዘባችንንም ይባርክልን፤ ከሐራም ይጠብቀን። ወላሁ አዕለም።