ቀኝ የገባው፣ ግራ የገባው

ሰሞኑን ጠፍተን ነበር። የጠየቃችሁን እናመሰግናለን፤ ያልጠየቃችሁንም አንቀየማችሁም። የጠፋነው ትምህርት ቤት ገብተን ነው፤ በተማሪነት ሳይሆን በአስተማሪነት። ነጭ ጋውን ለብሰን፣ ጣታችን በጠመኔ ነጥቶ፣ ድምፃችን ተዘግቶ፣ ባለፈው ዓርብ ጨረስን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ነን። ከጋዜጠኝነት ትምህርት ክፍል አብረን ተመረቅን፣ የመውጫ ፈተናውን አብረን አለፍን፣ ከዚያም አብረን ሥራ ፈታን። ‹‹ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ያለው›› የሚል ማስታወቂያ ሥር ቆመን ልምዱ ከየት እንደሚሸመት ስንጨነቅ ከረምንና በመጨረሻ የመምህርነት ሥልጠና ገባን። የሥልጠናው ማሳረጊያ የማስተማር ልምምድ ስለሆነ አዲስ አበባ ውስጥ ወዳለ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተላክን። 7ኛ ክፍል፣ እንግሊዝኛ። አንዳችን ስታስተምር ሌላችን ከኋላ ዴስክ ተቀምጣ ትታዘባለች፤ በሚቀጥለው ፔሬድ እንቀያየራለን።

የመጀመሪያው ቀን እንደ ሰርግ ነበር። ገና በሩን ስናልፍ 58 ልጆች ብድግ ብለው ‹‹ጉድ ሞርኒንግ ቲቸር!›› ሲሉ ልባችን ቀለጠ። ርዕሱ ‹‹ፕረዘንት ፐርፌክት›› ነው። ቀመሩን ሰሌዳው ላይ ጻፍን፤ ‹‹ሃቭ›› ወይም ‹‹ሃዝ›› ሲደመር ‹‹ፓስት ፓርቲሲፕል››። ምሳሌ ሰጠን። ‹‹ገባችሁ?›› አልን። ‹‹አዎ ቲቸር!›› አሉን፣ ጣሪያው እስኪነቃነቅ። ለካ ማስተማር እንዲህ ቀላል ነው! ይህን ያህል ዓመት ጋዜጠኝነት ላይ ምን አደከመን?

ከኋላ የተቀመጠችው ግን ሌላ ነገር እያየች ነበር። አጠገቧ ያለው ልጅ ሰሌዳውን በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ይገለብጣል። አንድ ቃል ተሳስተን ጽፈን በሰረዝ አጥፍተን ነበር። ልጁ ስህተቱን ከነስረዙ ገልብጦታል። በማግስቱ አምስት ጥያቄ ሰጥተን ስናርም፣ ሦስትና ከዚያ በላይ ያገኙት 22 ብቻ ሆኑ። ሌሎቹ 36ቱስ? እነሱም ‹‹አዎ ቲቸር!›› ብለዋል። እንዲያውም ጮክ ብለው።

ላልገባችሁ (አፍ ልማድ ሆነብን፣ ይቅርታ) ትንሽ እናስረዳ። አዲስ አበባ ውስጥ እስከ 6ኛ ክፍል ሳይንሱንም ማኅበራዊ ሳይንሱንም በአማርኛ ሲማር የቆየ ልጅ፣ ክረምቱን ኳስ ሲጫወት ከርሞ መስከረም ላይ 7ኛ ክፍል ሲገባ መጽሐፉ ወደ እንግሊዝኛ ተገልብጦ ይጠብቀዋል። ስለዚህ የኛ ክፍለ ጊዜ አንድ ትምህርት ብቻ አይደለም። ለሌሎቹም ትምህርቶች በር ነው። በሩ ያልተከፈተለት ልጅ 8ኛ ክፍል ደርሶ ‹‹ሚኒስትሪ›› ሊፈተን ከውጭ ሆኖ ነው የሚያጠናው።

አሁን ወደ ኃጢአታችን እንምጣ።

ሱፐርቫይዘራችን መጥተው የሚገመግሙን ቀን ተነገረን። ፍርሃታችንን ያዩ አንድ አንጋፋ መምህር፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ያስተማሩ ጋሼ፣ አዘኑልን። ‹‹ልጆቼ፣ ይኼ አያስጨንቃችሁም። ስትጠይቁ ሁሉም እጁን ያውጣ በሏቸው። የሚያውቀው ቀኝ፣ የማያውቀው ግራ። እናንተ ቀኝ ቀኙን ትጠራላችሁ›› አሉን። ሳቅን። ቀልድ መስሎን ነበር። ማታ ታክሲ ውስጥ ግን አልሳቅንም። በማግስቱ ክፍል ገብተን፣ በሩን ዘግተን ልጆቹን አስጠናናቸው።

እኛ ነን እንግዲህ ይህን ያደረግነው። ‹‹ድጋፍ የተደረገላቸው ነዋሪዎች በተደረገላቸው ድጋፍ መደሰታቸውን ገለጹ›› በሚል ዜና አራት ዓመት ሙሉ ስንስቅ የኖርነው። አስተያየት ሰጪውን ካሜራ ፊት አቁሞ ምን እንደሚል የሚነግረውን ጋዜጠኛ ስናማ ካፌ የምናመሸው። የመጀመሪያውን ድራማችንን ሠራን፣ ያውም በሕፃናት።

ድራማው ሰመረ። ጥያቄ ስንጠይቅ ክፍሉ የእጅ ጫካ ሆነ። ቀኝ ቀኙን ጠራን፣ ልክ ልኩን መለሱ። ሱፐርቫይዘሩ ከኋላ ሆነው ቅጻቸው ላይ ይጽፋሉ። ሊያበቃ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ‹‹እስቲ እኔም አንድ ልጠይቅ›› አሉና ከፍ ብሎ ወደተዘረጋ አንድ እጅ ጠቆሙ። ግራ እጅ ነው። ያ ከነስረዙ የሚገለብጠው ልጅ።

ተነሳ። ጥያቄውን ሰማ። ዝም አለ። ከዚያ እሳቸውን ሳይሆን እኛን አየን። ‹‹ቲቸር በደንብ አስተምራን ነበር። እኔ ነኝ ያላጠናሁት›› አለ።

‹‹አይዞህ፣ አጥና›› ብለው አስቀመጡት። ‹‹አሳልፎ አልሰጠንም!›› ብለን ልንደሰት ይገባን ነበር መሰል። ቆይቶ ነው የገባን። ልጁ እኛን ለማዳን አልዋሸም። እውነትም ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል። ስንት ዓመት ‹‹አዎ ገባኝ›› ሲል ኖሮ፣ ያልገባው ነገር ሁሉ የሱ ድክመት እንደሆነ ተቀብሎ ተቀምጧል።

በ2015 ዓ.ም. ጥር ላይ የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲነገር ታስታውሳላችሁ? ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። አገሩ ሁሉ ደነገጠ። እኛም ፌስቡክ ላይ ደንግጠናል። የመምህሩ ነው፣ የመጽሐፉ ነው፣ የኩረጃው ነው ተባለ። ሁሉም የየራሱ ድርሻ ይኖረዋል። አሁን ግን ያ ቁጥር 12ኛ ክፍል ላይ እንዳልተወለደ በዓይናችን አይተናል። በየቀኑ፣ በየክፍሉ፣ ‹‹አዎ ቲቸር!›› በተባለ ቁጥር አንድ አንድ እየተጠራቀመ ይሄዳል።

ጋሼንም አንፈርድባቸውም። 58 ልጅ፣ 40 ደቂቃ፣ ማለቅ ያለበት መጽሐፍ፣ የሚሞላ ቅጽ። ለእያንዳንዱ አንድ ደቂቃ እንኳ አይደርስም። ‹‹ገባችሁ?›› የሚባለው ለመጠየቅ አይደለም፤ ገጹን ለመግለጥ ነው።

በማግስቱ ክፍል ገብተን ‹‹ትናንት ያስዋሸናችሁ እኛ ነን። ይቅርታ›› አልን። ዝም አሉ። ቲቸር ይቅርታ ሲል አያውቁማ። ከዚያ እያንዳንዳቸው ከደብተራቸው ብጣሽ ወረቀት ቀደው፣ ስም ሳይጽፉ፣ በአማርኛ ያልገባቸውን እንዲጽፉ ነገርናቸው። 58 ብጣሽ ይዘን ቤት ገባን።

አንዱ ‹‹ስትፈጥኑ አይገባኝም›› ይላል። አንዱ ‹‹ከኋላ ሰሌዳው አይታየኝም›› (ማን እንደሆነች ፈልገን ፊት አመጣናት)። አንዱ ‹‹ሁሉም›› ብሎ ብቻ ጽፏል። አንዱ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ ‹‹ሃቭ ማለት አለኝ ነው ብላችሁ ነበር። ታዲያ የበላ ሰው ለምን ሃቭ ይላል? ምን አለው?››

ይኼን ጥያቄ ዩኒቨርሲቲ እያለን አንድ ቀን ጠይቀን አናውቅም። ቀመሩን ሸምድደን አለፍን እንጂ። ሻይ አፍልተን አሰብንበት። ‹‹በልቻለሁ›› የሚለውን ቃላችንን ስንፈታው ‹‹በልቼ አለሁ›› ሆኖ ቁጭ አለ! ‹‹በልታለች›› ደግሞ ‹‹በልታ አለች››። ለካ እኛም ቃሉ ውስጥ ረዳት ግስ ደብቀናል። እነሱ ‹‹አለኝ››ን፣ እኛ ‹‹አለሁ››ን እናስከትላለን። መብላቱ አልፏል፣ ነገሩ ግን እስካሁን ከኔ ጋር አለ።

ሰኞ ሰሌዳው ላይ ‹‹በልቼ + አለሁ›› ብለን ጻፍን። ‹‹አሃ!›› የሚል ድምፅ ሰማን። እንደ ‹‹አዎ ቲቸር›› በአንድነት አልመጣም። አንድ ከዚህ፣ ሁለት ከዚያ፣ አንድ ዘግይቶ ከመስኮቱ በኩል።

ከዚያ ወዲህ የጋሼን ዘዴ አልጣልነውም፣ ገለበጥነው። ‹‹ገባችሁ?›› የሚባል ቀረ። የገባው ቀኝ፣ ግራ የገባው ግራ እጁን ያወጣል። መጀመሪያ የሚጠራው ግራው ነው፤ ያልገባውን ይነግረናል፤ ቀኝ ያወጣ ጓደኛው ያስረዳዋል። መጀመሪያ ቀን ግራ ያወጡት ሦስት ነበሩ። በሁለተኛው ሳምንት ግማሹ ክፍል ግራ ሆነ። ከመጽሐፉም ሁለት ምዕራፍ ሳንጨርስ ቀረን። በመጨረሻው ፈተና ካለፉት 22 ወደ 35 ደረስን። የቀሩት 23 ልጆች አሁንም እዚያው ክፍል ናቸው፤ እኛ ግን ወጥተናል። ይኼን ለጥጋብ አንናገረውም።

ዓርብ ስንሰናበት ያ ልጅ ግራ እጁን አወጣ። ‹‹ምን ግራ ገባህ?›› አልነው። ‹‹ለምንድን ነው የምትሄዱት? አሁን እኮ ነው የጀመርነው›› አለ። መልስ አልነበረንም። ቀኝ እጁን ያወጣ ጓደኛም አልነበረም።

ውጤታችን ትናንት መጣ። ኤ ነው። አስተያየቱ ‹‹ተማሪዎችን በማሳተፍ ረገድ እጅግ የሚያስመሰግን›› ይላል፣ በዚያች በድራማዋ ቀን ተጽፎ። ሱፐርቫይዘራችን ዘንድ ሄደን ለመናዘዝ ሁለት ጊዜ ተነሳን፣ ሁለት ጊዜ ተቀመጥን። ያልነገርናቸውን ለእናንተ ጻፍነው።

ሰዎች ‹‹ታዲያ አስተማሪ ልትሆኑ ነው ወይስ ጋዜጠኛ?›› ይሉናል። ግራ እጃችንን አውጥተናል።