ለጾሙ አነበብኩት፣ ለስኳሩ ግን አላነበብኩትም

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ታካሚ ሳይሆን ስለ ራሴ ኩሽና ነው። ትንሽ ያሳፍራል፣ ግን ብዙዎቻችሁ ቤት ሊደርስ የሚችል ነገር ስለሆነ ልንገራችሁ።

የምኖረው ሜሪላንድ ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ አሁን አብራን ናት። ዓይነት 2 ስኳርና የደም ግፊት አለባት፤ ሜትፎርሚንና አምሎዲፒን ትወስዳለች። ባለፈው ረቡዕ ከሥራ ስገባ ከምሽቱ አንድ ሰዓት አልፏል። እንጀራ አልቋል፣ ልጆቹ ርቧቸዋል፣ እኔም እግሬ አልሸከም ብሎኛል። የኩሽናውን ካቢኔት ስከፍት ለልጆቹ ቁርስ የገዛሁት የዋፍል ዱቄት ካርቶን አየሁ። በቃ፣ እራት ተገኘ!

ቀኑ ረቡዕ ስለሆነ መጀመሪያ ካርቶኑን አዙሬ የተጻፈውን አነበብኩ። ወተት የለበትም፣ እንቁላልም የለበትም። ሁለት ኩባያ ዱቄት፣ በወተት ፋንታ ውሃ፣ በእንቁላል ፋንታ አንድ የተጨፈለቀ ሙዝ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት። በጥብጬ ማሽኑ ላይ አፈሰስኩና እንፋሎቱ ሲያቆም አወጣሁት። ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ስድስት ዋፍል ደረሰ።

እማዬ አንዱን አንስታ እያገላበጠች «ይሄ የማር እንጀራ አይመስልም?» አለች። ቀመስ አድርጋ «ደግሞ ስኳርም የለውም» ብላ ሁለት በላች። ልጆቹ አያታቸውን ሊያስተምሩ ሲረፑን ቀዳዳው ሁሉ እስኪሞላ አፈሰሱላት። እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ስልኬን እያየሁ ነበር። ሐኪሟ ልጇ!

ሁለት ሰዓት ያህል እንደቆየን «አፌ ደረቀ፣ ውሃ ስጪኝ» አለችኝ። ሽንት ቤትም ተመላልሳለች። ጣቷን ወግተን ስንለካ 291። ለአብዛኞቹ የስኳር ሕመም ላለባቸው አዋቂዎች ምግብ ከጀመሩ በኋላ ባሉት ሁለት ሰዓታት ውስጥ የምንፈልገው ከ180 በታች ነው። (በዕድሜ ለገፉና ሌላ ሕመም ላለባቸው ሐኪማቸው ላላ ሊያደርገው ይችላል።)

እማዬ ደነገጠች። «አንድ ኪኒን ልድገም እንዴ?» አለችኝ። ይህን ጥያቄ ከብዙ ታካሚዎች ስለምሰማው እዚህ ላይ ልቁም። አይደገምም። ሜትፎርሚን የወጣን ስኳር ወዲያው የሚያወርድ መድኃኒት አይደለም፤ ደጋግሞ መውሰድ ሆድ ከመረበሽ አልፎ ሊጎዳ ይችላል። እኛ ያደረግነው ውሃ መጠጣት፣ ሳሎን ውስጥ ቀስ ብሎ ወዲያ ወዲህ ማለትና ደግሞ መለካት ነበር። ማስታወክ፣ ግራ መጋባት፣ ፈጣን ትንፋሽ ወይም ከባድ ድካም ቢኖር ኖሮ፣ ወይም ቁጥሩ ከ300 በላይ ሆኖ አልወርድ ቢል፣ በዚያው ሌሊት ወደ ድንገተኛ ክፍል እወስዳት ነበር። ደግነቱ ከእኩለ ሌሊት በፊት 214 ሆነ።

እሷ ከተኛች በኋላ ካርቶኑን እንደገና አነሳሁት፤ በዚህኛው ጊዜ ለስኳሩ። «የተጨመረ ስኳር» የሚለው መስመር 2 ግራም ብቻ ይላል። እማዬ አልተሳሳተችም፣ ዱቄቱ ጣፋጭ አልነበረም። ከዚያ ከፍ ብሎ ግን «ጠቅላላ ካርቦሃይድሬት» 28 ግራም ይላል፤ ያውም በአንድ ሦስተኛ ኩባያ፣ ማለትም በአንድ ዋፍል። የተፈተገ የስንዴ ዱቄት ምላስ ላይ ባይጣፍጥም አንጀት ውስጥ በፍጥነት ወደ ግሉኮስ ይለወጣል። ሁለት ዋፍል 56 ግራም። ከሙዙ የደረሳት 9 ግራም ገደማ። ሲረፑ በአንድ የሾርባ ማንኪያ 13 ግራም አካባቢ ነው፤ ልጆቹ አራት ማንኪያ ያህል ሳያፈሱላት አልቀሩም። ሲደመር ከ115 ግራም በላይ በአንድ እራት፣ ያውም ፕሮቲንና አሰር ያነሰው። የጾም ስላደረግኩት እንቁላሉና ወተቱ ወጥተው ምትካቸው ሙዝ ሆነ። ያገዝኳት መስሎኝ ነበር።

ሌላም አለ። ሶዲየም 400 ሚሊግራም በአንድ ዋፍል፣ ስለዚህ እማዬ 800 ወስዳለች። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በቀን ከ2000 በታች ነው። ጨው ጨው አይልም፣ ምክንያቱም ብዙው ሶዲየም ዱቄቱን ከሚያስነሳው ሶዳ ነው የሚመጣው። የደም ግፊት ያለባችሁ፣ ኬክም ሆነ ፓንኬክ፣ የካርቶን ዱቄት ስትገዙ ይህችን መስመር እዩልኝ። ከቀን መጠኑ 20 በመቶና ከዚያ በላይ ከተጻፈ ብዙ ነው ማለት ነው።

እንጀራስ ካርቦሃይድሬት አይደለም ወይ ትሉኛላችሁ። ነው፣ ያውም ብዙ። ግን እንጀራን ብቻውን የሚበላ የለም፤ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ አብሮ ይገባል፣ የስኳሩንም አወጣጥ ያዘገየዋል። እማዬም የእንጀራዋን መጠን ታውቀዋለች፤ ለዓመታት ለክታበታለች። ዋፍልን ግን አታውቀውም፣ ያስተዋወቅኳት እኔ ነኝ።

ካርቶኑን አልጣልኩትም። ልጆቹ ይወዱታል፣ የደከመኝ ቀን ደግሞ መምጣቱ አይቀርም። ዓርብ ማታ እንደገና ሠራሁት። ከዱቄቱ ግማሹን ቀንሼ የሽምብራ ዱቄት ተካሁበት፣ ሙዙን ተውኩት። ትንሽ ይከብዳል፣ ቀለሙም ቢጫ ይላል፣ ግን ይበላል። ለእማዬ አንድ ብቻ፣ ሲረፕ የለም፣ አጠገቡ ጎመን። ሰሃኑን ለአፍታ አየችውና ተነስታ ከምሳ የተረፈውን ሽሮ አሙቃ መጣች። ዋፍሉ ላይ ገለበጠችው። ልጆቹ ጮኹ። «ምን ያስጮኻችኋል? ቀዳዳው የተሠራው ለወጥ ነው» አለቻቸው።

ከሁለት ሰዓት በኋላ 172።