አንዳንዴ ከመማር መጠምጠም ይቅደም!

እናንተዬ፣ «ፋራ» የምትባለዋ ቃል ሰው ትገድላለች ብላችሁ ታምናላችሁ? እኔ አምኛለሁ። ልትገድል ጥቂት ነበር የቀራት! የማጫውታችሁ የሰው ታሪክ አይደለም፣ የራሴው ጉድ ነው። ብትወቅሱኝም አልቀየማችሁም።

ነገሩ የሆነው በግንቦት 2014 ዓ.ም. ነው። ዲግሪዬን ይዤ ሁለት ዓመት ሙሉ ገርጂ ውስጥ ከሠፈር ልጆች ጋር ድንጋይ ሳሞቅ ያየኝ የአክስቴ ባል «እንዲሁ ከምትቀመጥ ለምን እኔ ጋ አትሠራም?» አለኝ። ትንንሽ ሥራ የሚይዝ ኮንትራክተር ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ከገርጂ ጊዮርጊስ ወረድ ብሎ፣ ለብዙ ዓመት በቆርቆሮ ታጥሮ የተረሳ ቦታ ሊያስመነጥር ተዋውሎ ነበር። እኔ «ተቆጣጣሪ» ተባልኩ። ስሙ ራሱ ደስ አይልም? እኔንማ አንገቴን አስረዘመኝ!

ቦታው ጫካ ነበር። የወፍ ቆሎው፣ ጉሎው፣ እሾሁ ሰው ይውጣል። መሐሉ ላይ ደግሞ ረጃጅም ባሕር ዛፍ አለ፤ ግማሹ ቅርንጫፍ ደርቆ እንደተንጠለጠለ። ሎደር መከራየቱ ስለተወደደ ከፊቱ አካፋ የተገጠመለት የእርሻ ትራክተር መጣ። ጋቢና የለው፣ ጣሪያ የለው። ኦፕሬተሩ በደርግ ጊዜ መንግሥት እርሻ ላይ፣ ናዝሬት ይገጣጠም የነበረውን ትራክተር ሲነዱ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ረዳታቸው ከጎጃም ከመጣ ገና ሦስት ወር ያልሞላው የ19 ዓመት ልጅ ነው። ግንድ ላይ ሰንሰለት ያስራል፣ የወደቀውን ቅርንጫፍ ይጎትታል።

በመጀመሪያው ቀን ጋሼ ከትራክተሩ ወንበር ሥር ሁለት ቢጫ ሄልሜት አወጡ። የኮንትራክተሩ እንዳይመስላችሁ፣ የራሳቸው ንብረት ነው። አንዱን ራሳቸው ደፉ፣ ሁለተኛውን ለልጁ ሰጡት። «ዛፍ የሚመታህ ከእግሩ አይደለም ልጄ፣ ከራሱ ነው» አሉት። ልጁም እሺ ብሎ ደፋው። ትንሽ ስለሰፋው ጆሮው ላይ ወረደበት።

እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? «ምነው፣ ድስት ደፋህ እንዴ?»

የቀን ሠራተኛው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። አጥሩ ሥር ጀበና ቡና የምታፈላውና ጓደኛዋ ሳይቀሩ ሳቁ። እኔም ሳቁ ሲጥመኝ ጊዜ ጨመርኩበት። «ፋራ አትሁና! ይሄ እኮ አዲስ አበባ ነው!» አልኩት። ልጁ አንገቱን ደፍቶ አብሮን ሳቀ። በማግስቱ ሄልሜቱ ትራክተሩ ላይ ተንጠልጥሎ ዋለ። ያም አልበቃኝም፤ «ኤን ዋይ» የሚል የራሴን ኮፍያ አውልቄ አደረግሁለት። «አሁን አራዳ ሆንክ!» ሞቅ ያለ ጭብጨባ!

በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ጋሼ አንዱን ባሕር ዛፍ ከሥሩ ገፋ አደረጉት። እንዲህ ያለ ዛፍ ከታች ሲገፋ ጫፉ ወዲያውኑ አይከተልም። ወደ ኋላ ይቀርና መልሶ ይወናጨፋል። ያን ጊዜ ደረቁ ቅርንጫፍ ተገንጥሎ ወደ ገፊው፣ ወደ ትራክተሩ በኩል ይመጣል። ልጁ ደግሞ ከትራክተሩ ጎን ሰንሰለት ይዞ ቆሟል። የክንድ ውፍረት ያለው እንጨት ከላይ መጥቶ ጎን ጭንቅላቱን አለው። ወደቀ።

ወዲያው ግን ተነሳ! ሳቀም። «ምንም አልሆንኩም አለቃ» አለኝ። ከጆሮው በላይ አብጧል እንጂ ደም እንኳ የለውም። ጋሼ «አሁኑኑ ሐኪም ቤት ውሰዱት!» ብለው ጮኹ። እኔ ተቆጣጣሪው ግን «ደህና ነው እኮ ጋሼ፣ አያካብዱ» አልኳቸው። ልጁን ሚሪንዳ አጠጥቼ ጥላ ሥር አስቀመጥኩት።

ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ ራሴን አለ። ከዚያ አስመለሰው። ከዚያ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለው ጀመር። አንዱ «ደክሞት ነው፣ ይተኛ» ሲል ጋሼ ከትራክተሩ ዘለው ወርደው ልጁን ተሸከሙት። ሚኒባስ አስቁመን ሆስፒታል ስንደርስ ስሙን ሲጠሩት እንኳ መልስ አይሰጥም።

ሲቲ ስካን ተነሳ። በራስ ቅሉና በአንጎሉ ሽፋን መሐል ደም ተጠራቅሟል። ሐኪሙ በኋላ እንዳስረዳኝ ምቱ የራስ ቅሉን ሲሰነጥቀው ውስጥ ያለ የደም ሥር ይቀደዳል። ደሙ ቀስ እያለ ስለሚጠራቀም ሰውዬው ለሰዓታት ደህና መስሎ ሊያወራ፣ ሊስቅ ይችላል። «ተኝቶ ቢቀር ኖሮ ላይነሳ ይችል ነበር» አለኝ። በዚያው ሌሊት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ «ድስት ደፋህ እንዴ?» የምትለዋን ቀልዴን ስሰማት አደርኩ።

ልጁ ዳነ፣ ተመስገን! ነቅቶ ሲያየኝ መጀመሪያ ያለኝን ታውቃላችሁ? «ኮፍያህ ጠፋብኝ አለቃ።» ወጥቼ አለቀስኩ።

ጉዱ ግን አላለቀም። በሳምንቱ የአክስቴ ባል አንድ ወረቀት ይዞልኝ መጣ። «ለሠራተኞች የራስ መከላከያ ታድሏል፣ እንዲያደርጉም ታዘዋል» ይላል። ሥሩ ላይ የእኔ ስም፤ ፊርማዬ ብቻ ነው የቀረው። ለምን እንደፈለገው የገባኝ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ካነበብኩ በኋላ ነው። በአዋጁ መሠረት አሠሪ የአደጋ መከላከያ መሣሪያ ማቅረብና አጠቃቀሙንም ማስረዳት አለበት። ሠራተኛው ሥራ ላይ ከተጎዳ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። ነገር ግን ሠራተኛው በግልጽ የተሰጠውን የደህንነት መመሪያ ጥሶ ከተጎዳ፣ ሆን ብሎ ራሱን እንደጎዳ ይቆጠራል። ያኔ አሠሪው ከኃላፊነት ነፃ ይወጣል!

ገባችሁ? እኔ ብፈርም ልጁ «በገዛ እጁ» የተጎዳ ሊባል ነው። ያስወለቅሁት እኔ፣ ተጠያቂው እሱ!

አክስቴ «ያሳደገህን ቤት ልታፈርስ ነው?» ብላ አለቀሰችብኝ። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በሦስተኛው ቀን ወረቀቱን ሳልፈርም መለስኩ። ሄልሜት እንዳልታደለ፣ ያለውንም በቀልድ ያስወለቅሁት እኔ እንደሆንኩ በጋሼ ፊት ተናገርኩ። በመጨረሻ የሕክምናው ተከፈለ፣ ካሣም ተሰጠው። እኔ ከሥራው ወጣሁ። አክስቴ እስከሚቀጥለው ፋሲካ አላናገረችኝም። ልጁ አገሩ ገብቷል። ስደውልለት ጩኸት እንደሚያመው፣ የነገሩትንም ቶሎ ቶሎ እንደሚረሳ ይነግረኛል። ይህን የሚመልስ ካሣ የለም።

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እየተባልን ነው ያደግነው። ያን ቀን ግን ያልተማረው ጠምጥሞ ነበር፤ ያስፈታው የተማረው ነው!

ወገኖቼ፣ ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን ላካፍላችሁ። ሄልሜት ድስት አይደለም። ውስጡ ያለው የማሰሪያ መረብ ፕላስቲኩን ከራስ ቅል ያርቀዋል። ምቱን ተቀብሎ የሚበትነው ያ ክፍተት ነው፤ ስለዚህ እዚያ ውስጥ ብርም ሲጋራም አትወትፉበት። መረቡን በራሳችሁ ልክ አጥብቁት፣ እንደ ልጁ ጆሮ ላይ አይውረድ። አንዴ ከባድ ነገር ከመታው ደህና ቢመስልም ይጣል። ፀሐይ ላይ የከረመም ይሰባበራል።

ሄልሜት ብቻውንም አይበቃም። ትራክተር ከተገለበጠ ነጂውን የሚያድነው ከላዩ የሚተከለው ጠንካራ ብረትና የወንበር ቀበቶው ነው። ስዊድኖች እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ ትራክተር ሁሉ ይህ ብረት እንዲኖረው በሕግ ካስገደዱ ወዲህ ተገልብጦበት የሚሞተው ሰው እጅግ ቀንሷል። ዛፍ ሲገፋ ደግሞ ረዳት ቢያንስ የዛፉን ቁመት እጥፍ ይራቅ። ከመግፋት በፊት ቀና ብሎ ደረቅ ቅርንጫፍ ማየት ነው።

ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ራስ ምታቱ ከባሰበት፣ ካስመለሰው፣ ካደነዘዘው ወይም አንዱ የዓይኑ ብሌን ከሌላው ከሰፋ፣ «ይተኛ» ብሎ ነገር የለም። ቀጥታ ሆስፒታል! አረቄም አስፕሪንም አትስጡት።

ደግሞ እስቲ ታዘቡ። ባለሥልጣን ግንባታ ሊጎበኝ ሲመጣ ምንም በማይወድቅበት ቦታ ነጭ ሄልሜት ደፍቶ ፎቶ ይነሳል። እሱን «ፋራ» ያለ ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ከላይ ድንጋይ የሚወርድበት የቀን ሠራተኛ ግን ሻሽ አስሮ ይሠራል።

አሁን ሌላ ሳይት ላይ ነኝ። ጠዋት ጠዋት ከሁሉ በፊት ሄልሜት የምደፋው እኔ ነኝ። ባለፈው ሰሞን አንድ አዲስ የመጣ ጎረምሳ አየት አደረገኝና «ምነው ወንድሜ፣ ድስት ደፋህ እንዴ?» አለኝ። ሁሉም ሳቀ።

«አዎ» አልኩት። «ያንተም እዚያ አለ። ድፋና ና፣ ከዚያ አብረን እንስቃለን።»